ሆሴ ዲዮክኖና የሲጃራው ከበርቴ

በፊሊፒን ደሴቶች የሕግ ትምህርት የሚከታተል ወጣት ሁሉ ትምህርቱን ሳይጨርስ በፊት አንድ የታወቀ የፍርድ መዝገብ ማንበብ ግዴታው ነው። የመዝገቡ ስም ስቶንሂልና ዲዮክኖ ይባላል። አቤት ባዩ ስቶንሂል በሲጃራ ንግድ የከበረ አሜሪካዊ ነው፤ መልስ ሰጪው ዲዮክኖ ደግሞ የዚያች አገር የፍርድ ሚኒስትር የነበሩ ናቸው። ታሪኩን ሳያውቅ መዝገቡን የሚገልጥ ተማሪ ነጋዴው የተበደለ፥ ሚኒስትሩም በዳይ መስለው ይታዩታል። እኚህ ሚኒስትር ግን በኋላ ዘመን ያለ ፍርድ ለታሠሩት ሁሉ ጠበቃ በመሆን ስማቸው ከአገራቸው አልፎ የተሰማ ሰው ናቸው። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ዛሬ በዚህ ገጽ የምናቀርበው የእርሳቸውን የሕይወት ታሪክ ነው። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውልልን።

ሆሴ ዲዮክኖ ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1922 ዓ. ም. በማኒላ ከተማ ተወለዱ። አያታቸው ጄኔራል አናኒያስ ዲዮክኖ በመጀመሪያ ከእስፓኝ፥ ቀጥሎም ከአሜሪካ ጦር ጋር ተዋግተዋል። አባታቸው ራሞን ዲዮክኖ የታወቁ የሕግ ዐዋቂና የፖለቲካ ሰው ነበሩ፤ ኋላም በጠቅላይ ፍርድ ቤት በዳኝነት ተቀምጠዋል። በቤተ ሰቡ ዘንድ አገርን ማገልገል እንደ ርስት ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነገር ነበረ ለማለት ይቻላል።

ወጣቱ ሆሴ በማኒላ በሚገኘው በደ ላ ሳል ኮሌጅ የንግድ ትምህርት ተምረው በ1940 ዓ. ም. በከፍተኛ ማዕርግ ተመረቁ። ወዲያውም የሒሳብ ዐዋቂዎች የሚፈተኑትን የመንግሥት ፈተና ለመፈተን ቀረቡ። ዕድሜያቸው ሕጉ ከሚጠይቀው በታች ስለ ነበረ በልዩ ፈቃድ ገቡና ተፈተኑ፤ ከተፈታኞቹም ሁሉ አንደኛ ወጡ። ከዚያ ሕግ ማጥናት ጀምረው ሳሉ የጃፓን ጦር አገሪቱን ወረረ፤ ትምህርታቸውም ተቋረጠ። ነገር ግን የአባታቸው የሕግ መጻሕፍት በቤት ነበሩ። እነዚህን መጻሕፍት ብቻቸውን ሲያነቡ ከረሙና በ1944 ዓ. ም. ለጥብቅና ፈተና ተቀመጡ። የሕግ ዲግሪ አልነበራቸውም፤ በዚህም ጊዜ የገቡት በልዩ ፈቃድ ነው። ውጤቱ ሲነገር ሆቪቶ ሳሎንጋ ከሚባሉ ሌላ ወጣት ጋር እኩል ነጥብ አግኝተው በአንደኛነት ተገኙ። ሳሎንጋም ኋላ በአገራቸው ፖለቲካ ታላቅ ስም ያተረፉ ሰው ናቸው።

እንግዲህ የሒሳብን መዝገብና የሕግን መጽሐፍ እኩል ማንበብ የሚችል ሰው በየአገሩ ብዙ አይገኝም። ይህ ዕውቀት በአንድ ሰው ራስ ላይ መገናኘቱ ከዐሥራ ስምንት ዓመት በኋላ ለሲጃራው ከበርቴ መዘዝ ሆነበት።

ስለዚህ ከበርቴ ከመናገራችን በፊት ስለ ትንባሆው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በፊሊፒን የትንባሆ ነገር ከመንግሥት ነገር ተለይቶ አያውቅም። የእስፓኝ ገዥ ሆሴ ባስኮ በ1782 ዓ. ም. ትንባሆን መንግሥት ብቻ የሚገዛውና የሚሸጠው ዕቃ አደረጉት፤ ይህም አሠራር እስከ 1882 ዓ. ም. መቶ ዓመት ቆየ። በካጋያን ሸለቆ የሚኖረው ገበሬ የሚተክለው መጠን ተወስኖለት፥ ዋጋውም ተቈርጦለት ይሠራ ነበር፤ ያጐደለ ይቀጣል። በዚያ ዘመን ይመረት የነበረው ቅጠል ጠቈር ያለው፥ ለሲጋር የሚሆነው ዓይነት ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሕዝቡ ጣዕም ተለወጠ። የአሜሪካ ወታደሮች ቨርጂኒያ ከሚባለው ቢጫ ቅጠል የተሠራውን ሲጃራ በየሄዱበት ያድሉና ይሸጡ ስለ ነበረ፥ ያገሩ ሰው አፍ ይህንኑ ለመደ። የጥቍር ትንባሆ ገበያ ወደቀ፤ ለውጭ አገር ሲጃራ የሚወጣውም ገንዘብ በዛ። መንግሥት ይህን ለማስቆም በ1952 ዓ. ም. የቨርጂኒያ ቅጠል ከውጭ እንዳይገባ የሚገድብ ሕግ አወጣ። በ1954 ዓ. ም. ደግሞ በአገር ውስጥ ለሚመረተው የቨርጂኒያ ቅጠል ከዓለም ገበያ የሚበልጥ ዋጋ ወሰነና ራሱ ገዥ ሆነ። በሰሜን በኢሎኮስ አውራጃዎች ያለው ገበሬ ይህን ዋጋ ሲሰማ ወደ ትንባሆ ዞረ። ይህ ቅጠል በፀሐይ አይደርቅም፤ በጭቃና በጡብ በተሠራ ጐተራ ውስጥ ተሰቅሎ በቧንቧ በሚገባ ሙቀት ለብዙ ቀን ይደርቃል፤ ለዚህም የሚነደው እንጨት የአካባቢውን ደን ጨረሰው። የተወሰነው ዋጋ ጥሩውንም መናኛውንም ቅጠል የሚያስገዛ ስለ ነበረ በመንግሥት ጐተራ ውስጥ ገዢ ያጣ ትንባሆ ተከማቸ። ፋብሪካዎቹ በበኩላቸው ያገሩን ቅጠል ከአሜሪካ ቅጠል ጋር ካልቀላቀሉት ሲጃራቸውን የሚገዛ አጡ። ስለዚህ ያገሩን ቅጠል ለማድረቅና ለማዘጋጀት የተፈቀደለት፥ ከውጭም ለማስገባት ፈቃድና ዶላር ያገኘ ፋብሪካ ብቻ ይከብር ጀመር። ፈቃዱንና ዶላሩን የሚሰጠው ደግሞ በቢሮ ያለው ሹም ነው።

ሃሪ ስቶንሂል ይህን ቀድሞ ከተረዱት አንዱ ነበረ። በ1917 ዓ. ም. በቺካጎ ተወልዶ፥ በጦርነቱ ጊዜ በመኰንንነት ወደ ፊሊፒን መጣ፤ ጦርነቱም ሲያልቅ ከጦር ሠራዊቱ የተረፈውን ዕቃ በመነገድ እዚያው ቀረ። አሜሪካ በ1946 ዓ. ም. ለአገሪቱ ነጻነቷን ስትሰጥ፥ አሜሪካውያን የአገሩን የተፈጥሮ ሀብት በማውጣትና ሕዝብ የሚገለገልበትን ሥራ በመያዝ ከባለአገሩ ጋር እኩል መብት እንዲኖራቸው አድርጋ ነበርና ለእንደ እርሱ ያለው ሰው በሩ ክፍት ነበረ። ይህን እኩል መብት ከተቃወሙት የፖለቲካ ሰዎች አንዱ የሆሴ አባት ራሞን ዲዮክኖ እንደ ነበሩ ማስታወስ ይገባል፤ በ1946 ዓ. ም. ለሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ከተመረጡ በኋላ ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር በወንበራቸው እንዳይቀመጡ ታግደዋል።

የስቶንሂል የትንባሆ ኩባንያ በአገሩ ውስጥ ከታወቁት ሲጃራ ሠሪዎች አንዱ ሆነ። ቅጠሉን የሚያደርቅና የሚያዘጋጅ ሌላ ኩባንያም አቋቋመ። ከትንባሆ ያገኘውን በመስታወት ፋብሪካ፥ በነዳጅ ዘይት፥ በእርሻ፥ በቤት ሥራ ላይ አዋለው፤ የማኒላን ባሕር ዳር ደልድሎ መሬት ለማድረግ የሚሠራ ኩባንያ እንኳ ነበረው። ሀብቱ እስከ 50 ሚሊዮን ዶላር ይገመት ነበር። የሲጃራ ፓኮ ርካሽ ዕቃ ነው፤ ዳሩ ግን በየመንደሩ ሱቅ በየቀኑ ይሸጣል፤ እንዲህ ያለው ሳንቲም ሲጠራቀም የሚሆነውን እዚህ ላይ ማየት ይቻላል።

በ1961 ዓ. ም. መጨረሻ ዲዮስዳዶ ማካፓጋል ጉቦን ከአገር አጠፋለሁ ብለው ተመርጠው ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ሆሴ ዲዮክኖንም የፍርድ ሚኒስትር አድርገው ሾሙ። ሚኒስትሩ ገና አርባ ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ብዙም ሳይቆዩ ስለ ስቶንሂል ሥራ ማስረጃ ደረሳቸው፤ ከሰውየው ጋር የተጣላ የገዛ ኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ከነገሩ ውስጥ ነበረበት። ማርች 3 ቀን 1962 ዓ. ም. ቅዳሜ ዕለት የብሔራዊ ምርመራ ቢሮ ሰዎች ከልዩ ልዩ ዳኞች የወጡ 42 የመበርበሪያ ትእዛዞችን ይዘው ወደ ከበርቴው ቢሮዎችና ወደ መኖሪያ ቤቶች ገቡ። በትእዛዞቹ ላይ የተጻፈው የሒሳብ መዝገብ፥ ደረሰኝ፥ ደብዳቤ፥ የትርፍና ኪሣራ መግለጫ፥ የጽሕፈት መኪና ሳይቀር ነበር፤ ከዚህም ጋር የሲጃራ መጠቅለያ ወረቀት ጥቅልል ተጨምሮበታል። ጥፋቱ ምን እንደሆነ ሲገልጹም የብሔራዊ ባንክን ሕግ፥ የጉምሩክን ሕግ፥ የግብርን ሕግና የወንጀለኛ መቅጫን ሕግ መተላለፍ ይላሉ። ይህን አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ከተያዙት ወረቀቶች ውስጥ ለሹማምንት ስለ ተሰጠ ገንዘብ የሚናገር ዝርዝር እንደ ተገኘ ተሰማ። ሕዝቡ ሰማያዊው መዝገብ ይለው ጀመር። የተጠሩት ሰዎች ከአንድ ወገን ብቻ አልነበሩም፤ በሥልጣን ላይ ካለው ፓርቲም ከተቃዋሚውም፥ ከምክር ቤትም ከሚኒስቴርም ነበሩበት፤ የፕሬዚዳንቱ ስም ጭምር ሲነሣ ተሰማ። በዚያ ሰሞን በማኒላ ስንት ሹም እንቅልፍ አጥቶ እንዳደረ አንባቢ ራሱ ይገምት።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በአጭሩ እንንገር። በሜይ ወር 1962 ዓ. ም. ዲዮክኖ ከሚኒስትርነታቸው እንዲለቁ ተደረገ፤ በሥራው ላይ የቆዩት አምስት ወር እንኳ አይሞላም። በኦገስት ወር ደግሞ ፕሬዚዳንቱ ስቶንሂልን ከአገር እንዲወጣ አደረጉት። አንዳንዱ ይህን እንደ ቅጣት ቈጠረው። ዲዮክኖ ግን ነገሩን በሌላ ዓይን አዩት፤ ጉቦ ሰጪው ከተሸኘ በኋላ ጉቦ ተቀባዩን በማን ምስክርነት ለመክሰስ ይቻላል የሚል ነበር ጥያቄያቸው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጣቸው የለም። በዚያው ዓመት በጃንዋሪ ወር የዶላር ቍጥጥሩ ተነሥቶ ስለ ነበረ የንግዱም ዘዴ ተለውጧል፤ በሲጃራው ገበያም ሌሎች ተተኩ፤ በ1966 ዓ. ም. የተመሠረተው ፎርቹን የሚባለው የትንባሆ ኩባንያ በኋላ ዘመን ከሁሉ የገነነው ሆነ። ስቶንሂል ከአገሩ መንግሥት ጋር በግብር ጕዳይ ለብዙ ዐሥር ዓመታት ሲሟገት ኖሮ በ2002 ዓ. ም. ሞተ።

ከበርቴው ከአገር ቢወጣም ክርክሩ አልቆመም። እርሱና ሦስት ባልንጀሮቹ ብርበራው ሕገ ወጥ ነው፥ የተያዘውም ወረቀት ማስረጃ ሊሆንብን አይገባም ብለው ገና በማርች ወር 1962 ዓ. ም. ለጠቅላይ ፍርድ ቤት አቤት ብለው ነበር። ብርበራውን ያዘዙት ዲዮክኖ ስለ ነበሩ በመዝገቡ ላይ የእርሳቸው ስም ገባ። ፍርዱ ጁን 19 ቀን 1967 ዓ. ም. በዋናው ዳኛ በሮቤርቶ ኮንሴፕሲዮን ተጽፎ ተሰጠ።

ፍርድ ቤቱ የተያዙትን ወረቀቶች በሁለት ከፈላቸው። ከኩባንያዎቹ ቢሮ የተወሰዱትን በሚመለከት፥ ኩባንያ በሕግ ፊት ራሱን የቻለ ሰውነት ስላለው ባለ አክሲዮኖቹ በእርሱ ስም ሊከራከሩ አይችሉም አለ። በዚህ በኩል መንግሥት ረታ። ከመኖሪያ ቤቶቹ የተወሰዱት ግን ሌላ ነገር ናቸው። ሕገ መንግሥቱ የመበርበሪያ ትእዛዝ የሚፈለገውን ዕቃ ለይቶ እንዲጠቅስ ያዝዛል፤ እነዚህ ትእዛዞች ግን አራት ሕጎችን በጅምላ ጠርተው፥ የተሠራውን ወንጀል አንዱን እንኳ ለይተው አልተናገሩም፤ ሕጋዊውንም ሕገ ወጡንም የንግድ ወረቀት ሁሉ እንዲያዝ ፈቅደዋል። ስለዚህ ፈራሽ ናቸው ተባለ።

ከዚህ የሚበልጠው ቀጥሎ የመጣው ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ የአገሪቱ ሕግ በ1948 ዓ. ም. በተሰጠ ፍርድ ላይ የቆመ ነበር። በዚያ ፍርድ መሠረት ሕገ ወጥ ብርበራ ያደረገ ፖሊስ በራሱ ጥፋት ይጠየቃል እንጂ ያገኘው ማስረጃ አይጣልም። የኮንሴፕሲዮን ፍርድ ይህን ሻረ። ምክንያቱም ቀላል ነው፤ በዳዩን ፖሊስ የሚከስሰው ዐቃቤ ሕግ ራሱ የብርበራው ተጠቃሚ ስለሆነ ማንም ማንንም አይከስም፤ ብርበራው የሚቆመው ከእርሱ የሚገኝ ጥቅም ሲቀር ብቻ ነው። ስለዚህ በሕገ ወጥ መንገድ የተገኘ ማስረጃ በማንም ላይ እንዳይቀርብ ተከለከለ።

እኛ እንደሚመስለን የዲዮክኖ ስሕተት የመጣው ከክፉ ልብ አይደለም። የሒሳብ ዐዋቂ ናቸውና አንድ ወረቀት ሲጐድል ጠቅላላው ሒሳብ እንደማይዘጋ ያውቁ ነበር፤ ሁሉንም ማየት ፈለጉ። ጊዜም አልነበራቸውም፤ አንድ ቀን ቢዘገይ ወረቀቱ ሊቃጠል ይችላል። ለቅን ሥራ የሚቻኰል ሹም ሁሉ እንዲህ ያለ ፈተና ይገጥመዋል። ነገር ግን እንዲያ ያለውን ሰፊ ትእዛዝ ክፉ መንግሥት ቢይዘው ምን ሊያደርግበት እንደሚችል ለማየት ብዙ ዓመት አልፈጀም።

ዲዮክኖ በ1963 ዓ. ም. ለሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ተመርጠው ገቡ፤ በ1969 ዓ. ም. እንደገና ተመረጡ። በዚያም በይበልጥ የደከሙት ያገር ልጅ በገዛ አገሩ ንግድና ኢንዱስትሪ ባለቤት እንዲሆን ነው፤ በ1967 ዓ. ም. የወጣው የካፒታል ማበረታቻ ሕግ የእርሳቸው እጅ አለበት። የፓርቲያቸው መሪ ፕሬዚዳንት ፈርዲናንድ ማርኮስ ነበሩ። በኦገስት 1971 ዓ. ም. በማኒላ በፕላሳ ሚራንዳ በተቃዋሚዎች ስብሰባ ላይ ቦምብ በተጣለ ጊዜ ማርኮስ የታሠረ ሰው ወደ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ የሚያስገድደውን መብት አገዱ። ዲዮክኖም ይህን በመቃወም ከፓርቲው ወጡ። በዚያ ቦምብ ክፉኛ ከቈሰሉት አንዱ በ1944 ዓ. ም. ፈተናውን አብረዋቸው አንደኛ የወጡት ሳሎንጋ ናቸው።

ሴፕቴምበር 23 ቀን 1972 ዓ. ም. አገሪቱ በወታደር ሕግ እንደምትገዛ በይፋ ተነገረ። በዚያው ሌሊት ወታደሮች ወደ ዲዮክኖ ቤት መጥተው ወሰዷቸው። ምን አጠፋህ ብሎ የጠየቃቸው የለም፤ ክስም አልቀረበባቸውም። ባለቤታቸው ካርመን ከዐሥር ልጆች ጋር ቀሩ። በማርች ወር 1973 ዓ. ም. ዲዮክኖና ቤኒኞ አኪኖ የሚባሉት ሌላው የምክር ቤት አባል ወደ ሰሜን በሎር ወደሚገኝ የጦር ሰፈር ተወስደው አንድ ወር ያህል በየብቻቸው ተዘግተው ተቀመጡ። ቤተ ሰቦቻቸው የት እንደ ደረሱ አያውቁም ነበር።

በእስር ቤት ሳሉ ያደረጉት አንድ ነገር የሕግ ተማሪዎችን ሳያስደንቅ አይቀርም። ለመፈታት ያቀረቡትን አቤቱታ ራሳቸው እንዲሰረዝላቸው ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ጠየቁ። ዳኞቹ ማርኮስ ላወጡት ለአዲሱ ሕገ መንግሥት ስለማሉ ፍርድ አገኛለሁ የሚል ተስፋ የለኝም የሚል ነበር ምክንያታቸው። ዕድሜውን ሁሉ በፍርድ ቤት ያሳለፈ፥ የዳኛ ልጅ የሆነ ሰው እንዲህ ብሎ ሲጽፍ ምን እንደ ተሰማው መናገር ያስቸግራል። ዳኞቹ በጥያቄው ላይ እንኳ ተከፋፈሉ። ዲዮክኖ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀን ሲቀር ሴፕቴምበር 11 ቀን 1974 ዓ. ም. ያለ ክስ እንደ ታሠሩ ያለ ክስ ተፈቱ።

ከእስር እንደ ወጡ ዝም ብለው አልተቀመጡም። በዚያው ዓመት ከአረጋዊው ሎሬንሶ ታኛዳና ከሌሎች ጠበቆች ጋር ሆነው ድኾችን ያለ ክፍያ የሚረዳ የጠበቆች ማኅበር አቋቋሙ። መሬቱን የተነጠቀ ገበሬ፥ አድማ አድርጎ የታሠረ ሠራተኛ፥ በቺኮ ወንዝ ላይ ግድብ ሊሠራ ነው ተብሎ አገሩን ልቀቅ የተባለ ተራራማ ሕዝብ፥ ልጁ በሌሊት የተወሰደበት አባት ሁሉ ወደ እነርሱ ይመጣ ነበር። ከሚመጣውም ብዙው ነገር ዞሮ ዞሮ አንድ ጥያቄ ላይ ይደርሳል፤ ወታደሩ ቤቱን የበረበረው በምን ትእዛዝ ነው? ያገኘው ወረቀት ማስረጃ ይሆናልን? ለዚህ የሚጠቀሰው ፍርድ ደግሞ ያ በ1967 ዓ. ም. ዲዮክኖ የተረቱበት ፍርድ ነበረ። የሚገርመው፥ በማርኮስ ዘመን የወጣው የ1973 ዓ. ም. ሕገ መንግሥት እንኳ ይህን ክልከላ በቃል አስገብቶታል፤ በወረቀት ላይ ያለው በሥራ ላይ አልዋለም እንጂ።

በ1986 ዓ. ም. ማርኮስ ከአገር ሸሽተው ኮራሶን አኪኖ ሥልጣን ሲይዙ ዲዮክኖን የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ ሊቀ መንበር አደረጓቸው፤ ከዐማፅያኑ ጋር የሚደረገውን ድርድርም እንዲመሩ ተመረጡ። በዚህ ጊዜ የሳንባ ካንሰር ይዟቸው ሰውነታቸው ተዳክሞ ነበር። ጃንዋሪ 22 ቀን 1987 ዓ. ም. መሬት ይሰጠን ብለው ወደ ቤተ መንግሥቱ ይሄዱ የነበሩ ገበሬዎች በሜንዲዮላ ድልድይ አጠገብ በወታደሮች ተተኩሶባቸው ከዐሥር በላይ የሚሆኑ ሞቱ። ዲዮክኖ ከእስር ቤትና ከስደት ዘመን ጓደኞቻቸው ጋር የተሠራው መንግሥት መሆኑን እያወቁ፥ ከያዙት ሥራ ሁሉ በመቃወም ለቀቁ። ሚኒስትር ሳሉ ከፈረንጆቹ ከበርቴ ወረቀት የተነሣ ከሥልጣን የወረዱት ሌሎች ፈልገው ነው፤ ይኸኛውን ግን በገዛ ፈቃዳቸው ተዉት።

አዲሱ ሕገ መንግሥት በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ 2 ቀን በሕዝብ ድምፅ ጸደቀ፤ ያለ ተለየ ትእዛዝ በብርበራ የተገኘ ማስረጃ በማናቸውም ክርክር ተቀባይነት እንዳይኖረው የሚከለክለው ቃልም በውስጡ አለ። ሆሴ ዲዮክኖ ስድሳ አምስተኛ ዓመታቸው በሞላ ማግሥት ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1987 ዓ. ም. ዐረፉ።